ኳሱን ቀምተሽ «ሶሪ» አትበይ

በመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ልምምድ ልጆቹን ያዘዝኳቸው ነገር ቀላል ነበር። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁሙ፣ አንዷ ኳስ ትያዝ፣ ሌላዋ ትቀማት። ፊሽካ ነፋሁ።

ቁጥር 9 ኳሱን ከጓደኛዋ እጅ መንጭቃ ወሰደች። ወዲያው «ሶሪ!» አለችና መልሳ ሰጠቻት። መልሳ ሰጠቻት! ዞር ስል ከጎናቸው ያሉትም እንደዚያው ናቸው። «ሶሪ»፣ «ኦ፣ ሶሪ»፣ «አሳመምኩሽ?» ጂሙ በሙሉ ይቅርታ በይቅርታ ሆነ። ሰርግ ቤት በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ መንገድ የዘጉ ሽማግሌዎች ነው የመሰሉኝ።

አስር ልጆች ናቸው፤ 11 እና 12 ዓመት የሆናቸው። ቁጥር የምለው የማሊያቸውን ነው፤ የሰው ልጆች ስለሆኑ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። አራቱ የሀበሻ ልጆች ናቸው፣ አንዷ የእኔ። የቀሩት ቤተሰቦቻቸው ከኤል ሳልቫዶር፣ ከካሜሩን፣ ከቬትናም የመጡ፣ እዚሁም የተወለዱ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የሚኖር ሰው ይሄ አይገርመውም። የሚገርመው፣ ዘራቸው ከሦስት አህጉር የሆነ አስር ሴት ልጆች «ሶሪ» ማለትን ሁሉም እኩል ተምረውት መምጣታቸው ነው።

አሰልጣኝ የሆንኩት ፈልጌ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2023 ህዳር መጨረሻ ላይ ኢሜይል መጣ። የልጄ ቡድን አሰልጣኝ አላገኘም፣ ከወላጆች አንድ ፈቃደኛ ካልተገኘ ቡድኑ ይፈርሳል ይላል። እንዲህ ያለውን ኢሜይል ሁሉም ወላጅ እንዳላየ ያልፈዋል። እኔም አልፌዋለሁ። ያጋለጠኝ ባለቤቴ ነው። ራት ላይ፣ ልጃችን ፊት፣ «አንቺ ሃይስኩል እያለሽ ትጫወቺ አልነበር እንዴ?» አለ። አለቀ።

እውነቱን ነው፣ ተጫውቻለሁ። አዲስ አበባ፣ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ መረብ በሌለው ቀለበት። መረብ ከሌለ ኳሱ ቢገባም ባይገባም ድምፁ አንድ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ «ገብቷል»፣ «አልገባም» የሚል ክርክር ነበረብን። ግማሹ ጨዋታ በክርክር ያልቃል። ተከራክሬ ያሸነፍኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

እማዬ አልከለከለችኝም። ይሄን ሁልጊዜ አመሰግናታለሁ። ቱታዬን ራሷ ታጥብልኝ ነበር። ስታሰጣው ግን ከነጠላዋ ኋላ ነው የምታሰጣው። ነጠላው ከፊት፣ ቱታው ከኋላ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ መጠየቅ አያስፈልግም። በግቢው የሚያልፈው ሰው ብዙ ነበር። ያ ቱታ አንድ ቀን እንኳ በደንብ ደርቆ አያውቅም። ጠዋት ወገቡ አካባቢ እርጥብ እንደሆነ ነበር ለብሼው የምሄደው።

ይሉኝታ የሚለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ አይዞርልኝም። ልጄ አንዴ ጠይቃኝ «ሰው ምን ይለኛል ማለት ነው» ብዬ ልገላገል ሞከርኩ። «ታዲያ ምን ቢሉሽ?» አለችኝ። እዚያ ላይ ቆምኩ።

ወደ ልምምዱ ልመለስ። ሊጉ ጂም የሚሰጠን በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ አርብ ማታ፣ ለአንድ ሰዓት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ነገር መረጥኩ። የመጀመሪያው፣ ኳስ ስትይዢ አገጭሽ ስር አድርገሽ በሁለት እጅ ጨብጪው፣ ክርኖችሽንም ግራና ቀኝ ክፈቺ። የተከፈተ ክርን አጥር ነው፤ ማንንም ሳትመቺ ቦታሽን ታስከብሪያለሽ። ሁለተኛው፣ ኳስ ሲወረወር ኳሱን አትዪ። መጀመሪያ ተቃራኒሽን ፈልጊ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ዝጊያት፣ ከዚያ ኳሱን ጠብቂ።

ሁለተኛውን የምናለማምደው በቀላል ጨዋታ ነው። ኳሱን መሃል ክቡ ውስጥ መሬት ላይ አስቀምጣለሁ። አንዷ ፊቷን ወደ ኳሱ አዙራ ትቆማለች፣ ሌላዋ ከኋላዋ። ስነፋ የኋለኛዋ ኳሱን መንካት አለባት፤ የፊተኛዋ ደግሞ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዝቅ ብላ፣ በጀርባዋና በዳሌዋ አምስት ሰከንድ ማገድ። አምስት ሰከንድ አጭር ይመስላል። ስትጋፉ ሞክሩት እስቲ።

የእኔ ልጅ ለኋለኛዋ መንገድ ለቀቀችላት። እንግዳ እንደምታሳልፍ ሰው ዞር ብላ። «ምን እያደረግሽ ነው?» ብላት «ልትወድቅ ነበር እኮ» አለችኝ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። አውቶቡስ ላይ ተነሺ፣ በር ላይ አስቀድሚ፣ ሰው አትግፊ፣ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ዞር በይ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጨዋ ሁኚ» እያልኩ አሳድጌያት፣ አሁን ፊሽካ አንጠልጥዬ «ግፊያት!» እላለሁ። ግራ ቢገባት አይፈረድባትም።

ማታ ቤት ገብቼ ስለ ጨዋታው ታሪክ ሳነብ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ቅርጫት ኳስን ጄምስ ኔይስሚዝ የፈለሰፈው በ1891 ታኅሣሥ፣ ስፕሪንግፊልድ ማሳቹሴትስ በሚገኘው የወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ማሰልጠኛ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ነበሩ። ያገራችን የድሮ ሰዎች ይሄን ጨዋታ ከወወክማ ጋር አያይዘው የሚያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል።

እኔን ያስደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ግዛት ባለው የስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ የስፖርት መምህርት የነበረችው ሴንዳ ቤረንሰን ጨዋታውን ለተማሪዎቿ አመጣችው። ግን ደንቡን ቀየረችው። ሜዳውን ለሦስት ከፈለችና አንዲት ልጅ ከተመደበችበት ክፍል እንዳትወጣ አደረገች። ኳስ ከሦስት ጊዜ በላይ ማንጠር ክልክል። ከሦስት ሰከንድ በላይ መያዝም ክልክል። ደግሞም ከሌላዋ እጅ ኳስ መንጠቅ ክልክል!

ይሄን ሳነብ ከአልጋዬ ተነሳሁ። መንጠቅ ክልክል! ከ130 ዓመት በፊት የተጻፈው ደንብ አርብ አርብ እኔ ጂም ውስጥ እየሠራ ነው። ልጆቹ አንድም ቀን አላነበቡትም፣ ያከብሩታል። ቤረንሰንን ግን አልረግማትም። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ላብ ካጠመቃት ትታመማለች የሚል ሰው በሞላበት፣ ጨዋታውን ትንሽ አለስልሳ በሩን ከፈተችላቸው። እሷም ነጠላውን ከፊት፣ ቱታውን ከኋላ ነው ያሰጣችው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጃንዋሪ 6፣ የገና ዋዜማ ነበር። በሰፊ ልዩነት ተሸነፍን። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ዳኛው ስህተት ሲነፋብን እኔ ራሴ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ስል እንደነበር ነው፤ እሱም ባለቤቴ ነግሮኝ። በዕረፍት የሚበላውን ያመጣችው እናት ጾም መሆኑን አስባ ብርቱካን ቆራርጣ መጣች። ኩኪስ ይዞ የመጣም ነበር፤ ልጆቹ ግን ብርቱካኑን ነው የተሻሙት። እዚያ ላይ «ሶሪ» ያለች አንድም የለችም። መዝግቤዋለሁ።

ሁለተኛውን አሸነፍን። ዘዴያችን አማርኛ ነበር። ስድስቱን ሀበሻ ያልሆኑ ልጆች «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ዙሪ»፣ «ግቢ» የሚሉትን አራት ቃላት አስተማርኳቸው። የሳልቫዶሯ ልጅ ቁጥር 3 «ዙሪ!» ብላ ስትጮህ «ዙ»ዋን የምታጠብቃት ነገር አለ፤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ተቃራኒዎቻችን ምን እንደምንል አያውቁም። እኔም እንደ ትልቅ ወታደራዊ ምስጢር ኮራሁበት። ሲልቨር ስፕሪንግ መሆናችንን ረስቼው ነው። በኋላ አንድ ቡድን ገጠመን። «ግራ!» ከማለታችን ሁለት ልጆች ግራውን ዘጉት። «ግቢ!» ስንል ሦስተኛዋ በሩ ላይ ቆማለች። አሰልጣኛቸው ማዶ ሆኖ እየሳቀ «እህቴ፣ እኛም እኮ አማርኛ እንችላለን» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ምግብ ተዛወርን። «ሽሮ» ማለት ሁሉም ቦታዋን ይዛ ትከላከል ማለት ነው፤ ቤት የምትበላ ነገር ስለሆነች። «ጥብስ» ማለት አቀብለሽ ሩጪ። ስያሜውን የመረጡት ልጆቹ ናቸው፤ ለምን እንዳሉ አልተከራከርኩም።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

ቁጥር 7 ከአያቷ ጋር ነው የምትመጣው። ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው። አገር ቤት ሳሉ ግምጃ ቤት ነበር የሚሠሩት። ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ኮትና ክራቫታቸውን አድርገው፣ ከታች ካለው አግዳሚ ወንበር መጀመሪያው ላይ ይቀመጣሉ። ሰላምታቸው ሙሉ ነው፤ ልጆቼን፣ እናቴን፣ ሥራዬን ጠይቀው ነው የሚጨርሱት። ጨዋታው ሲጀመር ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። «ምቺው! ምን ትገተሪያለሽ! ወደፊት! ኧረ ወደፊት!» ልጅቷ በጮኹ ቁጥር ዞር ብላ ታያቸዋለች። አንዴ እሳቸውን ስታይ የተወረወረላት ኳስ ትከሻዋን መትቷት ወጣ። አይኗ እንባ አቀረረ። ከትከሻዋ አይመስለኝም።

ምን ልበል? «ጋሼ፣ ዝም ይበሉ» ይባላል? አፌ ላይ እንኳ አይመጣም።

የሚያስቀው፣ በዚያው ሳምንት አንድ ሌላ አባት በእንግሊዝኛ ልጁን ሲጮህባት ነበር። በዕረፍት ሄጄ «ሜዳ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ብትሰማ ይሻላታል፣ እባክህ ለእኔ ተውልኝ» አልኩት። እሺ አለ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሳስበው ገረመኝ። በእንግሊዝኛ ይሉኝታ የለብኝም ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ክርኔ ተከፍቷል። በአማርኛ ግን ያቺ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ፤ እርጥብ ቱታዋን ለብሳ የምትሄደው።

ሦስተኛው ጨዋታ ጃንዋሪ 20 ዋለ። ጥር 11። ቅዳሜ፣ ጥምቀት! አርብ በረዶ ጥሎ ልምምዳችን ስለቀረ ጨዋታውም ይሰረዛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። አልተሰረዘም። ከአራቱ የሀበሻ ልጆች ሦስቱ ቤተክርስቲያን ናቸው፣ አንዲት ሌላ ልጅ ጉንፋን ይዟታል። የእኔን ልጅ ጨምሮ ስድስት ሆነን ጀመርን። እማዬ ከአዲስ አበባ ደውላ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፣ አንቺ ልጅቷን ቁምጣ አልብሰሽ የት ትሄጃለሽ?» ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም።

ሦስተኛው ሩብ ላይ የጂሙ በር ተከፈተ። ጋሼ ናቸው። ነጭ በነጭ፣ ጫማቸው በረዶ የጠጣ። ከኋላቸው ቁጥር 7 በሀበሻ ቀሚስ። እዚያው በሩ ላይ ቀሚሱን በአናቷ ስታወልቀው ከስሩ ማሊያዋ አለ። ያን ቀን ጂሙ በሙሉ፣ ተቃራኒዎቻችን ጭምር አጨበጨበላት። ለስድስት ደቂቃ በጣም ጥሩ ተጫወተች። ከዚያ ጋሼ ለመዱና ጩኸቱ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ኳስ አልነካችም ብል ይቀላል።

ያን ሌሊት ብዙ አሰብኩ። ቅዳሜው ሲደርስ ደብተርና እርሳስ ይዤ ሄድኩ። «ጋሼ፣ አንድ ውለታ ፈልጌ ነበር። መዝጋቢ የለንም። ሪባውንድ ማን ስንት እንደያዘች፣ ማን ስንት ደቂቃ እንደገባች የሚጽፍልኝ የታመነ ሰው ቢኖር...» አልኩ። ኮታቸውን አስተካከሉ። መነጽራቸውን አወጡ። «ሪባውንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በትክክል አስረጂኝ» አሉ። ሳይገባ የተመለሰውን ኳስ መያዝ ነው ብዬ አስረዳሁ። «ሰሌዳ ነክቶ የተመለሰውና ቀለበት ነክቶ የተመለሰው ለየብቻ ይጻፍ?» አሉ። በቃ፣ ያዝኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምፃቸው ጠፋ። የግምጃ ቤት ሰው ሲጽፍ አያወራም። ቁጥር 7ም ዞር ብላ ስታይ የምታየው ያጎነበሰ መላጣ ሆነ።

በራሴ ኮራሁ አልኮራሁም አላውቅም። ልጆቹን «በቀጥታ ግቢ፣ አትዙሪ» እያልኩ፣ እኔ በዙሪያ ጥምጥም ዞሬ ገባሁ። ግን ሠርቷል።

ሁለት ጨዋታ ቆይተው ጋሼ ጠሩኝ። ደብተሩን ከፍተው በእርሳሱ ጫፍ አንድ መስመር ላይ ቆሙ። «ይቺ ማናት?» አሉ። እያወቁ ነው። የእኔ ልጅ ናት። ከአስሩ ትንሹን ደቂቃ የተጫወተች እሷ ናት፤ የሊጉ ደንብ እያንዳንዷ ልጅ ቢያንስ ግማሽ ጨዋታ ትግባ ይላል፣ እሷ ልክ ግማሽ ላይ ነች፣ ደቂቃ አታልፍም። «ሪባውንድ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ናት» አሉ። «ልጅሽን በድለሻታል። ሒሳብ አይዋሽም።»

ልጇን ታደላለች እንዳይባል ነው። ሳላስበው፣ ሰዓቱ ሲደርስ መጀመሪያ የማስወጣው እሷን ነበር። ለነገሩ ልጄ ቀድማ ነግራኛለች፤ አንድ ቅዳሜ መኪና ውስጥ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «እማ፣ እኔ ሲደክመኝ ነው የምታስወጪኝ ወይስ ሲደክምሽ?» ብላኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት። ይሉኝታው የእኔ፣ ከፋይዋ እሷ። እማዬም እኮ ከነጠላው ኋላ ያሰጣችው ቱታ የሷ አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 15 ሐሙስ ማታ ያኔ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የነበረችው ኬይትሊን ክላርክ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ላይ 49 ነጥብ አገባች። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበርን (NCAA) የሴቶች የነጥብ ክብረ ወሰን የሰበረችበትን ኳስ የወረወረችው ከሦስት ነጥቡ መስመር በጣም ርቃ፣ ሜዳው መሃል ካለው አርማ አጠገብ ነበር። በማግስቱ ልምምዳችን አበቃለት ማለት ይቻላል። አስሩም መሃል ሜዳ ቆመው ይወረውራሉ። አንድም ኳስ ቀለበቱን አልነካም። አንዱ የእሳት አደጋ ደወሉን ሊመታ ለጥቂት ሳተ። ልጆች፣ ኳሱ የሴቶች መለኪያ ሆኖም ግማሽ ኪሎ ያልፋል፣ ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ክንዳችሁ ገና ነው ብል ማን ይስማኝ። ሃያ ደቂቃ ለቀቅኳቸው።

ሲደክማቸው መሬት ላይ ተቀምጠን ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ክላርክ በተወለደችበት በአዮዋ፣ የሃይስኩል ሴቶች እስከ 1993 ድረስ የሚጫወቱት ስድስት ለስድስት ነበር። ሦስቱ በማጥቃት ግማሽ፣ ሦስቱ በመከላከል ግማሽ፤ የመሃሉን መስመር ማለፍ አይፈቀድም። እሷ የተወለደችው ያ ደንብ ከቀረ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ቁጥር 3 አሰበችና «ታዲያ ኳሱ እዚያ ማዶ ሲሆን እነዚህኞቹ ምን ያደርጋሉ?» አለች። «ቆመው ያያሉ።» «ሙሉውን ጊዜ?» «ሙሉውን ጊዜ።» ቁጥር 9 ወደ መሃሉ መስመር ሄደች። በአንድ እግሯ ወዲህ፣ በአንድ እግሯ ወዲያ ዘለለች። ደግማ ዘለለች። ምንም አላለችም፤ ጫማዋን ልታስር ተቀመጠች።

የመጨረሻው ጨዋታ ማርች 2 ነበር። የካቲት 23። አንዱ የሀበሻ አባት ገና ከበሩ «ዛሬማ አድዋ ነው፣ መሸነፍ የለም!» እያለ ገባ። ተሸንፈናል፤ ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። በአንድ ነጥብ። 24 ለ 23።

ግን እንዴት እንደተሸነፍን ልንገራችሁ። ሃያ ሰከንድ ቀርቷል። ኳሱ በእነሱ እጅ ነው፤ ረጅሟ ተጫዋቻቸው ሰዓቱን ለመግደል ወደ ጥግ ታነጥራለች። ልጄ ሜዳ ላይ ናት። አላስወጣኋትም። ጋሼን አላየሁም፣ ወላጆቹንም አላየሁም፤ ሰዓቱን ብቻ። ቁጥር 9 ከጥጉ ቀስ ብላ ተጠጋች። ረጅሟ ልጅ ኳሱን አንስታ ልታቀብል ስትል ቁጥር 9 ሁለት እጇን አስገብታ መነጨቀችው። ከነጉልበቷ። ከዚያ ሮጠች። ስትሮጥ አንገቷን ወደኋላ መለስ አድርጋ «ሶሪ!» አለች።

ሶሪ አለች። ግን ኳሱን አልመለሰችም። እየሮጠች ነው ያለችው።

«ጥብስ!» ብላ ጮኸች። ልጄ ገባች። ኳሱ መጣላት። አገጯ ስር አደረገችው፤ ክርኖቿ ተከፈቱ፤ አንዲት ተከላካይ ክርኖቿን አይታ አንድ እርምጃ ሸሸች። ሰሌዳው ላይ ወረወረች። ኳሱ ቀለበቱን ሁለቴ ዞረና ወደ ውጭ ወረደ። እዚህ መረብ አለ። ክርክር የለም።

ልጄ ስትወጣ አላለቀሰችም። «ክርኔን አየሽ?» አለችኝ። አየሁ አልኳት።

ስምንት ተጫውተን ሦስት አሸነፍን፣ አምስት ተሸነፍን። የመዝጊያውን ግብዣ በሳምንቱ ማርች 9 አደረግን፤ ሰኞ ሁዳዴ ስለሚገባ ሁሉም የሀበሻ ቤት ቅበላ ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ፒዛ፣ ዶሮ ወጥ፣ ፑፑሳ፣ የቬትናም ጥቅል፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ። ቁጥር 3 ዶሮ ወጡን ቀምሳ «ይቺን ነበር ለጨዋታ ስም ማድረግ የነበረብን» አለች።

ጋሼ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡት። እንደ ስጦታ ሰጡኝ። ከፈትኩት። ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ በማስመሪያ የተሰመሩ። ሪባውንድ፤ ከሰሌዳ፣ ከቀለበት። ደቂቃ። ስህተት። በስተቀኝ ግን እኔ ያላዘዝኩት አንድ ዓምድ አለ። ራሱ ላይ በንጹህ የእጅ ጽሕፈት «ይቅርታ» ይላል። ከስሩ የልጆቹ ቁጥር በየጨዋታው፤ ቁጥሮቹ የግዕዝ ናቸው፣ ማንም ልጅ እንዳያነበው ነው አሉኝ። ቁጥር 9 ከሁሉም በላይ ናት። ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ግን ትንሽ ትንሽ እየቀነሰች ትሄዳለች።

ከሁሉም በታች አንድ ተጨማሪ መስመር አለ። «አሰልጣኝ» ይላል። ለብቻው ተደምሮ፦ ፳፫።

«ይሄ ምንድነው ጋሼ?»

«ዳኛውን ያልሽው ነው» አሉ። «ለሌላው ቡድን አሰልጣኝ ያልሽውንም ጨምሬበታለሁ።»

«ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ» አልኩ፤ ሳላስበው ነው።

እርሳሱን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። ደብተሩን ከእጄ ወሰዱና ፳፫ን ሰርዘው ፳፬ ጻፉበት።